የኖራው ደቦ

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓቱን ሳየው ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ደወል ሲያሯሩጠኝ ኖሬ፣ በቃሽ ከተባልኩ በኋላ ሰዓት ምን ይሠራልኛል? ጋቢውን ግን ወድጄዋለሁ፤ ለደጋው ለቋሪት ብርድ ይሆናል። በሽኝቱ ላይ ርእሰ መምህሩ ስለ ትጋቴና ስለ ተማሪዎቼ ውጤት ብዙ መልካም ነገር ተናገረ። የኬሚስትሪ ማኅበሩን የፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ግን ስሙንም አላነሳ። አልፈርድበትም፤ እሱ ሲሾም የቅርንጫፉ ማህተም መሳቢያ ውስጥ ደርቆ ነበር። ሆኖም «ከሥራ ዘመንሽ የምትኮሪበት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ቢገኝ መልሴ ያ ቅርንጫፍ ነው። ጠያቂ ስላጣሁ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት መራዊ ሲሆን፣ እዚያ ኬሚስትሪን ያስተማርኩት በጠመኔ ብቻ ነበር። አሲዱም ሥዕል፣ ጋዙም ሥዕል፣ እሳቱም ሥዕል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ አሞንያን አሽትተውት ያውቃሉ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «እንዴት ይሸታል?» ስትለኝ «ያስለቅሳል» ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ዕለት ነው በጠመኔ ብቻ ማስተማር ያንገሸገሸኝ። ዝውውር ጠየቅሁ፤ ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፍኖተ ሰላም ደረሰኝ።

ፍኖተ ሰላም ላይ መምህር ተገኘ ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከነጭ ካፖርታቸው በላይ ጋቢ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ወጣት መምህራን ከኋላቸው «የኔታ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ የቅኔ መምህር እንጂ የኬሚስትሪ አይመስሉም ነበርና። ቤተ ሙከራው ከአንድ አሮጌ መጋዘን ጥግ የተቆረሰ ክፍል ነው። እሳቸው ግን ጫማቸውን ጠርገው ነው የሚገቡበት። የሙከራ ቱቦ ሲያጥቡ ወደ መስኮቱ አንስተው በብርሃኑ ያዩታል፤ ደስ ካላላቸው እንደገና ያጥባሉ። «ትናንት የነበረው ነገር ዛሬ ውስጥ ከገባ ውጤቱ የማን እንደሆነ አታውቂም» ይሉኛል። እኔ ችኩል ነኝ፤ ሳሙናውን ሳላስለቅቅ ስደረድረው አንድ ቃል አይናገሩም፣ ዝም ብለው ያነሱና ያጥቡታል። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ምንም ሙከራ ቢሆን፣ ሺህ ጊዜ የሠሩት ቢሆንም፣ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን አጣጥፈው ክፍሉን ይጠይቃሉ፦ «ምን ትጠብቃላችሁ?» መልስ ሳያገኙ ክብሪት አይጭሩም። ልጆቹ የጠበቁት ከሆነ ፈገግ ይላሉ፤ ያልጠበቁት ከመጣ ግን ዓይናቸው ይበራል፣ «አሁን ትምህርት ጀመርን» ይላሉ። ጋዝ ሲያሸትቱ አፍንጫቸውን አያስጠጉም። በመዳፋቸው ከላይ እያራገቡ ወደ ራሳቸው ይጠሩታል። «ሽታው ወደ አንተ ይምጣ እንጂ አንተ ወደ ሽታው አትሂድ» የሚለውን ምክር በዚያ ትምህርት ቤት ያላለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

የማኅበሩን ቅርንጫፍ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ሰባት ነበርን፦ አምስቱ ከፍኖተ ሰላም፣ ሁለቱ ከቡሬ። ከቡሬዎቹ አንዱ አዳነ የሚባል ተጫዋች ልጅ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ስለነበረው ብቻ ምክትል ሰብሳቢ አደረግነው። አበል የሚባል ነገር የለም፣ ከአዲስ አበባ ዋናው ማኅበር አልፎ አልፎ አንድ ካርቶን ኬሚካልና ብዙ ማበረታቻ ይልክልናል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን፣ ሌላ ጊዜ የገጠር ትምህርት ቤቶችን እንዞራለን። ጨው ላይ አዮዲን መኖሩን በስታርች እናሳያለን፤ አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸው እናቶች ጨዋቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘው ይሰለፉ ነበር። የአሲድ መለያ ወረቀት ሲያልቅብን መምህር ተገኘ ከግቢው ቀይ ጽጌረዳ ለቅመው በአረቄ ዘፈዘፉትና በቀዩ ውኃ ወረቀት ነከሩ። ሎሚ ሲነካው ይበልጥ ይቀላል፣ የአመድ ውኃ ሲነካው አረንጓዴ ሆኖ ይለመልማል። የተጣራ ውኃም ስናጣ አንዲት አረቄ አውጪ ሴትዮ ማሰሮና መቃዋን አዋሰችን። የመጀመሪያው ውኃ አረቄ አረቄ ሸተተና የዚያ ዘመኑ ርእሰ መምህር ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሞ ሲያነፈንፍ አየሁት። «ኬሚስትሪ ነው» ስለው «እሱማ ገብቶኛል» ብሎኝ ሄደ። አዲስ ማሰሮ ገዛን።

ቀጥሎ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለና ከሩቅ ያለ መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምርልን ጀመር። እኛ ከጎን ቆመን መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ ሆነ ሥራችን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደስ ይለን ነበር፤ ጠመኔያችንን አንስተን ሰው እንሆናለን። በዚያ ዘመን ቅርንጫፉ ባይኖር ኖሮ ሙያዬን የምተወው ይመስለኛል። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ማንም አያጠፋንም፣ ማንም አይቀድመንም።

ቋሪት የወጣነው እንደዚሁ ነው። ከወረዳው ከተማ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ያለ አንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ሙከራ አሳይተን ስንጨርስ አንዲት ሴት ጥቁር አፈር በሰፌድ ይዛ መጣች። ጥሩዓለም ትባላለች።

«መምህሮቼ፣ ጨዉን እንዲህ ታውቁት የለ? ይኸን አፈር ምን ነካብኝ በሉና ንገሩኝ» አለች።

ታሪኩን ያወቅነው ቤቷ ስንሄድ ነው። ባሏ አያ አንለይ ነው፤ ጠና ያለ፣ ቃሉ ቁጥብ፣ እጁ ግን ሰፊ የሆነ ገበሬ። ከቤታቸው በላይ ያለው ዳገት የአባቱ የገብስ መሬት ነበር። ገብሱ ካመት ዓመት እየቀጨጨ፣ ገና ክንድ ሳይሞላ እየቀላ፣ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ቢጨመርለትም የማይነቃ ሆነ። ጎረቤቶቹ እንዲህ ያለ መሬታቸውን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። አያ አንለይም ችግኙን አዘጋጅቶ ከጓሮ ጥላ ሥር ደርድሮታል። ጥሩዓለም ግን አሻፈረኝ ብላለች። «ባሕር ዛፍ አይበላ። አንዴ ከገባ ደግሞ ሥሩ አይወጣ። ልጆቼ የአያታቸውን ገብስ በወሬ ሊሰሙት ነውን?» ትላለች።

መምህር ተገኘ አፈሩን በተጣራ ውኃ በጠበጡት፣ እስኪጠልል ጠበቁና የጽጌረዳውን ወረቀት ነከሩበት። ከመንከራቸው በፊት ባልና ሚስቱን «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ባል «እንጃ»፣ ሚስት «ሎሚ» አለች። ወረቀቱ እንደ ሎሚው ቀላ። በደጋው ዝናብ ታጥቦ ታጥቦ መሬቱ መምጠጡን፣ አሲድ መሆኑን፣ ኖራ ከተቀላቀለበት ደግሞ ሊመለስ እንደሚችል አስረዱ። ኖራውን ቀደም ብሎ አፈር ውስጥ ማስገባት፣ ዳፑን በኋላ ከዘሩ ጋር መስጠት ነው።

አያ አንለይ «እሽ። አንድ ክረምት ለእናንተ እሰጣለሁ። ገብስ ከሆነ ገብስ ነው። ካልሆነ ችግኙ ይገባል፣ ሌላ ወሬ የለም» አለ። ጥሩዓለም እኔን እንጂ እሱን አላየችም። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ ለእኛ ዋስ የሆነችው እሷ ነበረች።

ስንመለስ ሞቅ ብሎን ነበር። ዋናው ማኅበር በመስከረም ከአዲስ አበባ እንግዶች ልኮ ሥራችንን ሊጎበኝ ነው፤ ቅርንጫፋችን ገብስ ያበቀለ ኬሚስትሪ ሲያሳይ ታየን። ኖራው ግን በሚያዝያ ይመጣል የተባለው ቀረ። የተፈጨው የግብርና ኖራ ከየትም ጠፋ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል አዳነ ቡሬ ላይ ከአንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የተረፈ ኖራ ለምኖ አገኘ፤ ያው ቤት የሚቀባበት፣ በእሳት የተቃጠለው ዓይነት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰብስበን መከርን። ጊዜው አልፏል፣ አንድ ዓመት እንጠብቅ ያለ አልነበረም። ሰባታችንም «በአንድ ሳምንት ውስጥ ኖራውም ዳፑም ዘሩም ይግባ» በሚለው ተስማማን፣ መምህር ተገኘም ጭምር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኛ ሩጫችን ስለጣፈጠን መታጠቂያችንን አላየንም። አዳነ ጆንያዎቹን አድርሶ ሥራው በደቦ እንዲሠራ ለአያ አንለይ በቃል ነገረው፣ ወዲያው ተመለሰ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደርሶ ሁላችንም ፈታኞች ነበርን።

ደቦ ምን እንደሆነ ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ እያልን ያደግን ነን። ያላሰብነው ሌላ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል። በግንቦት መጨረሻ ጎተራው ተሟጦ ሳለ አንድ ገበሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ደቦ አይጠራም፣ አይችልምም። ስለዚህ አያ አንለይ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ አንድ ቀን ብቻ ጠራ። ጎረቤቶቹም ከመመላለስ ብለው ኖራውንና ዳፑን በአንድ የበሬ ቁርበት ላይ አፍስሰው በአካፋ አዋሐዱት። ካፊያ ነበረ። እንዲያው እርጥቡን ተሸክመው ከዘሩ ጋር በተኑት።

ፈተናው ሲያልቅ መምህር ተገኘ፣ አዳነና እኔ ወጣን። ዳገቱን ከሩቅ አየሁት። ኖራ ያልደረሰው ዳር እንኳን እንደ ነገሩ በቅሏል። የእኛ መካከል ግን እንደ መላጣ ራስ ነበር፤ እዚህም እዚያም ጫፏ የተቃጠለ ቡቃያ፣ ከዚያ ባዶ አፈር።

አያ አንለይ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለ ነበር።

«እንዳላችሁት አደረግን» አለ። «ደቦው ላይ ሽታው ዓይናችንን አስለቀሰን። የበቅሎ ሽንት የመሰለ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ሰው መቆም እስኪያቅተው። መድኃኒት ነው፣ መድኃኒት ይሸታል ተባብለን ጨረስነው።»

መምህር ተገኘን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም አዳነም ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶናል። ዳፕ ውስጥ አሞንየም አለ፤ ከኖራ ጋር ርሶ ሲገናኝ አሞንያ ይሆንና ይበራል። ማዳበሪያው አየር ላይ ሄደ፣ አፈር ውስጥ የቀረው ጋዝ ደግሞ ገና የሚበቅለውን ዘር አቃጠለ። ይኽ የተደበቀ እውቀት አይደለም። በየዓመቱ አሥረኛ ክፍል ገብተን ኖራና የአሞንየም ጨው በሙከራ ቱቦ ደባልቀን «አሞንያ እንዲህ ይሠራል» የምንለው እኛው ነን። ሰባት የኬሚስትሪ መምህራን በዚህ ሙከራ ተማሪዎችን ስንፈትን፣ ሙከራው ራሱ ዳገት ላይ ተሠራ።

ጥሩዓለም ከቤት አልወጣችም። ልንሰናበት ስንል በበሩ ሥር ድምፅዋን ሰማሁ፤ «በሏቸው፣ ለእኔ ገብስ ሳይሆን ስም ነው የጠፋብኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በብዙ ሽልማት ላይ ጭብጨባ ሰምቻለሁ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ግን የሚሸፍንልኝ አላገኘሁም።

በመንገድ አዳነ «ዘሩ ነው የተበላሸው እንበል፤ ዝናቡም አንድ ምክንያት ነው» አለ። መምህር ተገኘ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ «እሁድ እመለሳለሁ። የሚመጣ ይምጣ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እሁድ ሰባታችንም ቋሪት ወጣን። ቅዳሴ ሲወጣ መምህር ተገኘ ወደ ደብሩ መሪጌታ ሐዲስ ሄደው ሕዝቡ እንዲቆይላቸው ለመኑ። መሪጌታ ሐዲስ ምላሳቸው ስለት የሆነ፣ ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር የሌለ አዛውንት ነበሩ። «ይናገሩ እንጂ። ስብከት ከሆነ ግን አሁን ሰምተናል» አሏቸው።

መምህር ተገኘ ከሴቶቹ አንድ ስኒ ተዋሱ። ትንሽ ኖራ፣ ትንሽ ዳፕ ጨመሩበት። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሕፃኑ በክብ ከበቧቸው። እጃቸውን አጣጠፉና እንደ ክፍል ውስጥ ጠየቁ፦

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ተአምር!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«ተአምር የለኝም። ማዳበሪያችሁ ሲበር ነው የማሳያችሁ» አሉና ጥቂት ውኃ ጠብ አደረጉበት። የጽጌረዳውን ወረቀት አርሰው ከስኒው በላይ፣ ሳያስነኩ፣ በአየር ላይ ያዙት። ቀዩ ወረቀት በሰው ፊት ለመለመ። ቀጥለው ስኒውን ለእያንዳንዱ እያዞሩ፣ በመዳፋቸው እያራገቡ አሸተቷቸው። ደቦው ላይ የነበሩት ገና ሲደርሳቸው ጮኹ፤ «ይኸ ነው! ይኸው ነበር!»

«ይህን ሙከራ በየዓመቱ ለልጆቻችሁ እናሳያለን» አሉ መምህር ተገኘ። «ኖራና ዳፕ እንደማይነካኩ ሰባታችንም እናውቃለን። እያወቅን ለእናንተ አልነገርናችሁም። ደቦ ሁለቴ እንደማይጠራም አልጠየቅናችሁም። ጥፋቱ የደቦው አይደለም፣ የአንለይም አይደለም፣ የጥሩዓለምም አይደለም። የእኛ ነው።»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። መሪጌታ ሐዲስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ መምህር ተገኘም ሳቁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ቀና አልኩ።

አያ አንለይ ግን አልሳቀም። ወደ ፊት መጣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንግዲያ ለከርሞ ምን ልጠብቅ፣ መምህር?»

«ገብስ» አሉት። «ኖራው በሁዳዴ ጾም ከገባ፣ ዳፑ በሰኔ ከዘሩ ጋር ከገባ፣ ገብስ ይጠብቁ። ካልሆነ እኔ ራሴ መጥቼ ባሕር ዛፉን በእጄ እተክልልዎታለሁ።»

«ሁለት ደቦ በምን ልጠራ? የማበላው የለኝ።»

ይኽን የመለሰችው ጥሩዓለም ናት። በሴቶቹ በኩል ሆና ነጠላዋን አስተካከለችና «በሁዳዴ ሆድ የሚጠይቅ ማን አለ?» አለች። «ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም የለ? በማለዳ ወጥቶ ኖራውን በትኖ ለቅዳሴ ይደርሳል። ቆራቢ ላልሆነው ቆሎ አላጣም።» ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና «ለባልንጀራ መድከም ጾም አያስፈታ። እኔም እወጣለሁ» አሉ። የጾም ደቦ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ።

በባዶው ዳገት ላይ በዚያ ዓመት ግብጦ ዘሩበት። ግብጦ መጣጣ መሬት አይፈራም፣ ምሬቱን ደግሞ ውኃ ያወጣዋል። ቤቱ በእሱና በድንች ከረመ። የአዲስ አበባ እንግዶች በመስከረም መጡ፣ ጭቃ ላይ አንዱ ወደቀ፣ ገብሱን ሲጠይቁ መምህር ተገኘ ሁሉንም እንዳለ ነገሯቸው። «ይህን በዓመታዊ ጉባኤ ላይ አናቀርበውም» አሉን። «እኛ ግን በየክፍሉ እናቀርበዋለን» አሉ መምህር ተገኘ፣ አቀረቡትም።

በሁዳዴ ከሕንፃው ሳይሆን ከግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጨ ኖራ አገኘን። ደቦው ላይ እኛም ወጣን። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ከጥሩዓለም ጋር ኖራ በሰፌድ ተሸከምኩ። ጸጉራችን፣ ሽፋሽፍታችን ነጭ ሆነ፤ አዳነ «ሁላችንም በአንድ ቀን አረጀን» ይል ነበር። መሪጌታ ሐዲስ ቃላቸውን ጠብቀው ወጡ፣ ከሠሩት ይልቅ የተረቡት ቢበዛም። ጥሩዓለም እኔን እያየች «ዘንድሮስ ፈተና የለባችሁም?» አለችኝ። «የለብንም» አልኳት። «ይኸው ነው ፈተናችን።»

በሰኔ ዘሩና ዳፑ ገባ። በሐምሌ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ ቡሬ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ ዳገት ይታየኝ ነበር። ገብሱ ከፍ ብሎ ቢሆንስ፣ ባይሆንስ እያልኩ እናቴን አስመረርኳት። በነሐሴ መጨረሻ አልቻልኩም፣ አዳነን ለምኜ በሞተሩ ወጣን። ከኮረብታው ሥር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው።

ዳገቱ ሙሉውን አረንጓዴ ነበር። ከዳር እስከ ዳር። ነፋስ ሲነካው አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሣል። ገብቼ መሐሉ ቆምኩ፤ ወገቤን ነካኝ። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። አያ አንለይ ከጓሮ ጥላ ሥር የደረቁትን የባሕር ዛፍ ችግኞች አንድ በአንድ እየነቀለ ለማገዶ ሲጥል አየሁት። ጥሩዓለም በበሩ ላይ ቆማ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነበር የምትናገረው፤ «የኔ መምህራን!» አለች። ከመንግሥትም ከማኅበርም ብዙ መጠሪያ ተሰጥቶኛል፣ የዚህን ያህል ያኮራኝ የለም።

ከርሞ ሦስት ጎረቤቶች፣ ቀጥሎ ጎጡ በሙሉ የጾም ደቦ ጠራ። መምህር ተገኘ ጉልበታቸው እስኪከዳ በየዓመቱ ወጡ፣ በየዓመቱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስኒ ተበድረው ሰውን ሁሉ አሸተቱ። «ያየ ይረሳል፣ ያሸተተ አይረሳም» ይሉ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ከቋሪት በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ለቀስተኛ የፍኖተ ሰላምን ሰው አስገረመው። ይኽ ሁሉ ገበሬ የማን ዘመድ ነው ተባባሉ።

ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉ ሳሳ። አንዱ ተዛወረ፣ አንዱ ነጋዴ ሆነ፣ አዳነ ባሕር ዳር ገባ። እኔም ከማህተሙ ጋር ብቻዬን ቀረሁና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቋሪት መውጣትም ተውኩ። ጉልበቴም፣ ጊዜውም እምቢ አለ። አንዳንዴ በእርግጥ ምን ተረፈ ብዬ አስብ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ጋቢዬን ደርቤ ማንም ሳይጠራኝ ወጣሁ። ደቦው የነበረው በአያ አንለይ ዳገት ሳይሆን ማዶ፣ በማላውቀው ቤተሰብ ማሳ ላይ ነው። የማውቀው ፊት አልነበረም። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩና ሰፌድ ላነሣ ጎንበስ ስል አንዲት ወጣት ሴት እጇን ዘረጋችብኝ። ስኒ ይዛለች። ከኖራው ጆንያ የተለየ፣ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የምትቀመጥ ጥቂት የቤት መቀቢያ ኖራ በብልቃጥ አላት፤ ዳፕም በጨርቅ ቋጥራለች።

«እናቴ፣ ሳያሸትቱ ኖራ አይነካም። ደንባችን ነው» አለችኝ። ሁለቱን ስኒው ውስጥ ጨመረች፣ ውኃ ልታንጠባጥብበት ስትል ቆም ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ምን ይጠብቃሉ?»

«ሽታ» አልኩ።

ጠብ አደረገችበት። ስኒውን ወደ አፍንጫዬ ላስጠጋ ስል ቀስ ብላ እጄን ያዘችኝ። «አይ እናቴ፣ ሽታው ወደ እርስዎ ይምጣ እንጂ እርስዎ ወደ ሽታው አይሂዱ» ብላ በመዳፏ አራገበችልኝ።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አማቴ ጥሩዓለም። እሷን ደግሞ ማን እንዳስተማራት እንጃ። የጥንት ነው መሰለኝ፤ እኛ ስንመጣ ነበር።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቱ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ።

«አይዞዎት» አለችኝ፣ «ሁሉንም ነው የሚያስለቅሰው።»